የታርጋ አልባዋ መኪና ባለቤት

ሸሚዙን ከማጠቤ በፊት መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ የሚያወጣው ራሱ ነበር። ደመወዙን ሳይቀር ለእኔ ይተዋል፤ ያቺን ትንሽ ደብተር ግን አይተውም። ባለቤቴ ሾፌር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የተዋወቅነው። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ሾፌር ይከበር ነበር። እሱም ከዚያ ሌላ ሙያ የለኝም ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

እናቱ ደጋ ላይ ባለው መንደራቸው ኦቾሎ ካረፉ በኋላ አባቱ ብቻቸውን ቀሩ። አማቴ ሸማኔ ናቸው። ወደ እኛ እንዲወርዱ ስንለምናቸው ብዙ ወራት እምቢ አሉ። በመጨረሻ እሺ ያሉት የሽመና ዕቃቸው አብሯቸው የሚወርድ ከሆነ ነው። ዕቃው ማለት ጉድጓድ ላይ የሚተከሉት ቋሚዎች፣ ፈትሉ የሚወጠርበት ረጅም እንጨትና አንድ ከረጢት ጥጥ ነው። ይህን በሰው ጫንቃ ማውረድ አይቻልም። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ደግሞ ለግል ጉዳይ የነካ ሾፌር በስብሰባ ላይ ቆሞ ሂሱን ይውጣል፤ ከዚያም የከፋ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የአጎቱን መኪና ተዋሰ።

አጎቱ የእናቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከኦቾሎ ሸማ አውርደው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ይሸጣሉ፤ ከሲቀላ ጥጥ ይዘው ይወጣሉ። ከኋላ ሸራ የለበሰች አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። የገዟት አገራችንን ለቅቆ ከሄደ አንድ የውጭ ሰው ነው። ሰውየው ሲሄድ ታርጋውን ፈትቶ፣ ከነሊብሬው ለሚመለከተው አስረክቦ፣ ለእሳቸው ቁልፉን ሰጥቶ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። አጎቱ ሊያስመዘግቧት ቢሄዱ ከየት አመጣሃት መባላቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያን ጊዜ የት እንደሚያደርስ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ከኦቾሎ በላንቴ ገበያ በኩል እስከ ከተማው አፋፍ ብቻ ይነዷታል። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላው ሳይደርሱ አንድ ዘመዳቸው ግቢ ያቆሟትና ሸክሙን በጋሪ ያስገባሉ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ አላውቅም።

ቁልፉን ሲሰጡት አጠገባቸው ነበርኩ።

«እንካ። መኪናዋ ለዛሬ ያንተ ናት» አሉት። «ከኬላው በመለስ አቁማት። ከዚያ ወዲያ አላውቅህም፤ እሷም አታውቅህም።»

«አጎቴ፣ መኪና ሰው ያውቃል እንዴ?»

«የኔዋ ታውቃለች። ሌላ ሰው ሲነዳት ታስላለች።»

ሳቅን። እሷም በእርግጥ ላንቴ እስክንደርስ ድረስ ስታስል ወረደች።

እሑድ ጠዋት ነበር። አማቴ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ እንጨቱን ይዤ ነበር፤ ከሸራው ውጪ ከአንድ ክንድ በላይ ወጥቶ ነበርና። የአጎቱ ዘመድ ግቢ ስንደርስ ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀንሶ አባቱን አያቸው። ጉልበታቸው ያብጥ ነበር። ከዚያ እስከ ቤታችን በእግራቸው መሄድ አይችሉም፤ በእሑድ ደግሞ ጋሪ አይገኝም።

«እሑድ ነው። ትራፊክ የለም» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ትራፊኩ ነበር። ኬላው ላይ ወንበር አውጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ያየው ታርጋዋን አልነበረም፤ እንጨቱን ነው። ተነስቶ መጣ።

«ጓድ ሾፌር፣ ይሄ ምንድን ነው? መድፍ ነው?»

«የአባቴ የሽመና ዕቃ ነው።»

«መድፍ ቢሆን ይሻልህ ነበር። ቀይ ጨርቁ የታለ? ከኋላህ የሚመጣው ሰው ዓይኑን ይውጋ?»

ባለቤቴ ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ የራስ ሻሼ ቀይ ነበርና ፈትቼ እንጨቱ ጫፍ ላይ ለማሰር ተነሳሁ። ትራፊኩ አይቶኝ ፈገግ አለ፤ ሊለቀንም ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ። ሻሹን ሳስር አብሮኝ ወደ ኋላ ዞረና ታርጋ የሚኖርበትን ቦታ አየ። ወደ ፊት ሄዶ እንደገና አየ። መስታወቱ ላይ ቦሎ ፈለገ። ከዚያ ሊብሬ ጠየቀ።

አራት ጥፋት በአንድ የክስ ወረቀት ላይ ጻፈ። ምልክት ያልተደረገበት ጭነት፣ ታርጋ የሌለው መኪና፣ ቦሎ የሌለው መኪና፣ ሊብሬ የሌለው መኪና። ክፉ ሰው አልነበረም። ቁጭ ብሎ አስረዳን።

«የመጀመሪያው ያንተ ነው፤ የጫንከው አንተ ነህ። ሦስቱ የባለንብረቱ ናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ባለንብረቱን ይዘህ ጽሕፈት ቤት ና። የእሱን እሱ ይወስዳል፣ ያንተን አንተ ትወስዳለህ፣ መንጃ ፈቃድህን እንሰጥሃለን።»

«ባለንብረቱ ባይመጣስ?»

«እንግዲህ መኪናዋ እጁ ላይ የተገኘችበት ሰው አንተ ነህ።»

ደብተሯን ከባለቤቴ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። መኪናዋን እስከ ፖሊስ ግቢ ድረስ ራሱ ባለቤቴ እንዲነዳት አደረገ። ያን ቀን ነው ለመጨረሻ ጊዜ መሪ የጨበጠው፤ ግን ይህንን ያን ጊዜ አላወቅንም። አማቴን ከአንድ ሰፈርተኛ ጋር ደግፈን፣ በየመቶ እርምጃው እያሳረፍን ቤት አስገባናቸው፤ ዕቃቸውን ኋላ በጋሪ አስመጣን።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ አሥር ቀን ፈቃድ ሰጠው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር አያስፈልገንም፤ ይዘህ ተመለስ አሉት። እሱም ወደ አጎቱ ሱቅ ሲቀላ ወረደ። እኔም ከሥራ ስወጣ ደረስኩ፤ ሳልደርስ ገና ከመንገድ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

«በቅሎዬን ተውሰህ ገደል ብትከታት ገደሉን ልትከስ ነው?» ይላሉ አጎቱ።

«በቅሎ ሊብሬ የላትም!»

«የኔዋም የላትም! ያውም እያወቅህ ነው የወሰድካት። ከኬላው በመለስ አላልኩህም? ሚስትህ ምስክር ናት። አንቺ፣ አላልኩትም?»

ብለውታል። እኔ ከመመለሴ በፊት ባለቤቴ ቀደመኝ።

«አጎቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ኑልኝ። የኔ ናት በሉ። ሌላ ምንም አልልም።»

«የኔ ናት ካልኩ በኋላስ? ከየት አመጣሃት ሲሉኝ አንተ ትመልስልኛለህ? አሻጥረኛ ነው ብለው ሲያስሩኝ ስንቅ ታመላልሳለህ? ነጂው ይጠየቅ! እኔ መኪና አዋስኩ እንጂ መንገድ አላዋስኩም።»

እውነት ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ ግን ይህን የሚያይበት ልብ አልነበረውም። በገበያተኛው መካከል ቆሞ ውሸታም አላቸው፤ ሌባም አላቸው። የእናቱን ወንድም።  አንዲት ሙዝ ሻጭ ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ማታ ቤት ሲደርስ አማቴ ሰምተው ነበር። ስለ መንጃ ፈቃዱ አንዲት ቃል አልጠየቁም።

«ሄደህ ትታረቃለህ» አሉት በጋሞኛ። «የእናትህን ወንድም ሰድበህ ጎሜ በዚህ ቤት ላይ አታመጣም።» ጎሜ የሚሉት ወግ ሲጣስና ሳይታረቅ ሲቀር በቤት ላይ የሚወርደውን መዓት ነው። በእርሻ ይመጣል፣ በከብት ይመጣል፣ በልጅ ይመጣል።

«አባዬ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይለቅ።»

«መጀመሪያ ሰላም። ከዚያ ወረቀቱ ራሱ ይመጣል። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ የወሰደ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ሌላው ዝም ብሎ የእርቁን ማዕድ ሊበላ ይችላል? አጎትህን አታውቃቸውም? እንዲህ ገበያ ላይ ብትጎትታቸው አይመጡም። በዱቡሻ ዝቅ በልላቸው፤ ራሳቸው ይመጣሉ።»

ወጉን ከዚያ በፊትም አይቼው አውቃለሁ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ ታናሹ ተነስቶ ጥፋቱን በሙሉ በራሱ ላይ ያደርጋል፤ የሌላውንም ጭምር። እየቆጠረ፣ ይሄ የኔ ይሄ ያንተ እያለ የሚናገር ሰው አልታረቀም ይባላል። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይመርቃሉ። ከዚያ አብሮ ይበላል። ትልቁ ሰው የራሱን ድርሻ የሚያነሳው ያን ጊዜ፣ በማዕዱ ላይ ነው። ሳይጠየቅ ያነሳዋል። ሳያነሳ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ኦቾሎ ወጣን፤ አጎቱም እዚያው መጡ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ያለ ፈቃድ አይደረግም ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የመንደሩ ልጅ ስለሆነ አልከለከለም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት መጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሰው ከተሰበሰበ ቃለ ጉባኤ አለ። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ሴራ ነው ይሉኛል።» ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ይዞት ነበር። ወደ እኔ ዞረ። «የኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው። ጓዲት፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ጻፊ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ «እኛ ስንታረቅ ሣሩ ይሰማል። አሁን ደግሞ ወረቀት ይስማ» አሉ። ጻፍኩ።

ባለቤቴ ሜዳው መካከል ተንበረከከ። ያለውን ሁሉ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድም ሳልቀንስ ጻፍኩት። «አጎቴን በገበያ መካከል ሰድቤያለሁ። መኪናዋ በእጄ ነበረች። በመኪናዋ የመጣው ጥፋት ሁሉ የእኔ ነው። ማንንም አልጠይቅም።»

«ሁሉ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አጠገቡ ስለነበርኩ በአማርኛ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁሉ የሚለውንም ልጻፈው?»

«እንዳለ ጻፊው» አለኝ። «ቀንሼ ከተናገርኩ እርቅ አይሆንም።»

ፈረመ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አፉ ዘንድ አስጠግቶ ተነፈሰበትና አተመ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው መረቁ። ቆጮ በቅቤ መጣ፤ አጎትና የእህት ልጅ ከአንድ ገበታ በሉ። አጎቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባለቤቴ ሰጥተው፣ ልክ አማቴ እንዳሉት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ግማሹ የኔ ነው» አሉ። «ከግማሹም ይበልጣል። መኪናዋ የኔ ናት፤ ታርጋ የነፈግኋትም እኔ ነኝ። ሰኞ አብሬህ እገባለሁ። ቢያስሩኝም ይሰሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ የደስታ ነው።  ሳምንቱን ሙሉ በወጉ ያልበላው ባለቤቴ ያን ዕለት በላ።

እኔ ወረቀቱን ገና አልሰጠሁም ነበር፤ ጉልበቴ ላይ ነው። የአጎቱን ቃል ለመጨመር ብዕሬን አነሳሁ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን በወረቀቱ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ተዪው። ከምርቃት በኋላ የሚጻፍ የለም። ቃሉን ብታስሪው አላመንሽውም ማለት ነው።»

ልክ ነበሩ። በወጉ ልክ ነበሩ። የባሌ አጎት በሰው ፊት የተናገሩትን ቃል በቀለም ማሰር ስድብ ነው፤ የታረቅነው ደግሞ በስድብ ምክንያት ነው። እኔ ግን መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ወረቀት ከክፍል ክፍል ሲሄድ፣ የጻፈው ሰው ምን እንዳሰበ ማንም እንደማይጠይቅ በየቀኑ አይ ነበር። ያን ጊዜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት።

ሊቀመንበሩ ትጉህ ሰው ነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለበላይ ይተላለፋል፤ ጉዳዩ ደግሞ የመኪና ስለሆነ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ይጠቅማል ብሎ በማግስቱ ራሱ ይዞት ወርዶ ለተረኛው ሰጠው። ሊረዳን ፈልጎ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ገባን። አጎቱ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ለእስር ተዘጋጅተው ትንሽ ስንቅ ይዘዋል። ኃላፊው ወጣት መኮንን ነው፤ በአክብሮት አስቀመጣቸው።

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የኔ ናት» አሉ አጎቱ ቆመው። አማርኛቸው ደካማ ስለሆነ ይህን ዓረፍተ ነገር በመንገድ ላይ ሲለማመዱት ነበር።

«ሊብሬ አለዎት?»

«የለም።»

«የሽያጭ ውል?»

«የለም። ሰውየው እጄን ጨበጠኝ።»

«ሰውየው የት ነው?»

«አገሩ።»

«ምስክር?»

አጎቱ ወደ ባለቤቴ አመለከቱ። መኮንኑ ሳቀ፤ የፌዝ አልነበረም።

«አባቴ፣ ተከሳሹ እኮ እሱ ነው። እጅ መጨበጥ ደግሞ ከመዝገብ ጋር አይያያዝም። ይሄ ይያያዛል።» መሳቢያውን ከፍቶ እኔ የጻፍኩትን አወጣ። አነበበው። «መኪናዋ በእጄ ነበረች። በመኪናዋ የመጣው ጥፋት ሁሉ የእኔ ነው። ፊርማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ባለቤቴ። «ግን የእርቅ ቃል ነው። በእርቅ ላይ ታናሽ ሁሉንም ይወስዳል።»

«ለምን?»

«ትልቁ የራሱን እንዲመልስ።»

«መለሱ?»

«መልሰዋል። በሰው ፊት።»

«የቱ ጋ ነው?» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው።

ከማኅተሙ በታች ባዶ ነበር። ሦስታችንም ባዶውን አየነው። ስለዚያች መኪና በአገሪቱ ውስጥ ያለው ብቸኛ ወረቀት እኔ የጻፍኩት ነበር፤ እሱም ባሌን ባለቤቷ አድርጎታል።

«አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይዘህ መጥተህ የሱ ናት ትለኛለህ። ተስማምታችሁ ያመጣችሁት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሽማግሌ ማሳሰር ይከብደኛል። ስንቅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ አባቴ።» ከዚያ ወረቀቱን እያየ፣ «ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው። ማን ጻፈው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዲህ የሚጽፍ ሰው እኛ ጋ የለም።»

አራቱም ጥፋቶች በባለቤቴ ላይ ጸኑ። ይህ የመጨረሻው ቢሆን ይቀለን ነበር፤ ቅጣት ተቀጥቶ መንጃ ፈቃድ ይመለሳል። ቅጣቱ ግን የሚመዘገበው በመኪናው ታርጋ ቁጥር ነበር። መኪናዋ ታርጋ የላትም። ታርጋ እንድታገኝ ሊብሬ ያስፈልጋታል፤ ለሊብሬ ሻጩ መገኘት አለበት። ባለቤቴ የቅጣቱን ገንዘብ ይዞ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ የሚቀበለው አጣ። ክሱ ሳይዘጋ ደብተሯ አትወጣም። መኪናዋ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ጠፋ፤ ሸራዋም ተቀደደ።

መሥሪያ ቤቱ አላባረረውም። ጥበቃ አደረገው። ሌላ ሾፌር መጣ፤ ባለቤቴ መኪናው ሲወጣና ሲገባ በሩን ይከፍትለታል። እኔ ከመዝገብ ቤት መስኮት አየዋለሁ። ከዚያ መስኮት ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩኝ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር፤ አልሆነም።

እርቁ አልፈረሰም። ይህንን መናገር ይገባኛል። አጎቱ እስኪሞቱ ድረስ ጥጥ እየያዙ ይመጡ ነበር፤ ባለቤቴም ተነስቶ ይቀበላቸዋል። ስለ መኪናዋ አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። አማቴ ጓሯችን ውስጥ ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ሸማቸውን ሠሩ። ልጃቸው የጥበቃ ካፖርት ለብሶ ሲወጣ፣ «ጎሜ የለብህም፣ ልጄ» ይሉታል። እሱም «የለብኝም፣ አባዬ» ይላቸዋል።

ደርግ በወደቀበት ሰሞን የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ መዝገቦች ተበታትነው ነበር። ሰዎች ንብረታቸውን ለመፈለግ ይሄዱ ነበርና እሱም ሄደ። ደብተሯንም ፋይሉንም አላገኘም። አዲሶቹ ሰዎች ፋይል ከሌለ ክስ የለብህም አሉት። ደስ ብሎት መንጃ ፈቃዴስ ሲላቸው፣ ፋይል ከሌለ መንጃ ፈቃድ እንደነበረህ በምን እናውቃለን፣ ማመልከቻ አጽፈህ ና አሉት።

ቤት ገብቶ ይህን ነገረኝ። እራት አቀረብኩ። ከበላ በኋላ ወረቀት አወጣሁ።

«ማመልከቻውን ልጻፍልህ?» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«አይ፣ አንቺ አትጻፊው» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለአንዱ ከፍሎ አስጻፈ። ቅጂውን አየሁት፤ ፊደሉ የተጣመመ ነበር፤ ሁለት ቦታም ተሰርዟል።  መልስ አልመጣም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሩን ሲከፍት ኖረ።